ቡልጋሮቹ በፈረንሳይ ለጋሲዮን

ባለፈው ሳምንት ከቀበና ድልድይ ከፍ ብሎ ካለ አናጢ ቤት ደጃፍ ታክሲ ስጠብቅ፣ አናጢው አንድ አሮጌ የጽድ ሳንቃ ይልግ ነበር። ከፈረሰ ቤት የተነቀለ በር ሳይሆን አይቀርም፤ ላዩ ጥላሸት ለብሶ ጠቁሯል። መላጊያው ሁለት ሦስቴ ሲመላለስበት ግን ከውስጡ ቀላ ያለ መልክ ወጣ፤ አብሮትም ያ አዲስ የተቀረጸ እርሳስ የሚመስል ሽታ። ታክሲው መጣ፤ ሰው ተጋፍቶ ገባ፤ ሄደ። እኔ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። የጽድ ሽታ ሌላውን ሰው ምን እንደሚያስታውሰው አላውቅም። እኔን የሚያስታውሰኝ አምስት ቡልጋሮችን ነው።

ጊዜው የደርግ ዘመን ነው፤ ዓመቱን በትክክል ንገሪን ብትሉኝ እሳሳታለሁ። የማስታውሰው ሌላ ሌላውን ነው። ስኳርና ላምባ በቀበሌ ሱቅ በኩፖን ይታደል ነበር። ትንሹ ዳቦ አሥር ሳንቲም፣ ከሰፈራችን ከፈረንሳይ ለጋሲዮን አራት ኪሎ ድረስ በውይይት ታክሲ ሃያ አምስት ሳንቲም። ውይይት የተባለው ተሳፋሪው ትይዩ ተቀምጦ ፊት ለፊት ስለሚተያይ ነው፤ ጉልበት ለጉልበት ተገጣጥሞ ዝም ማለት አይቻልም። ወንዱ ካኪ ሳፋሪ ለብሶ ደረት ኪሱ ላይ እስክሪብቶ ይሰካል፤ ሴቷ ከጉልበት ወረድ ያለ ጉርድና ሹራብ ትለብሳለች፣ እግሯ ላይ የላስቲክ ኮንጎ ጫማ። ኮንጎ በፀሐይ እግር ያቃጥላል፣ በዝናብ ያንሸራትታል፤ ግን ሁላችንም እናደርገው ነበር። ከየሻይ ቤቱ የሚወጣው የካሴት ዘፈን ሁልጊዜ ስለሄደ ሰው ነው። ዛሬ የታክሲ ማዞሪያው ጥግ የነበረው ሻይ ቤት ፈርሶ፣ የስልክ ቀፎና የሕፃን ልብስ የሚሸጥበት ባለመስታወት ሕንፃ ቆሞበታል። በዚያ ሳልፍ እግሬ አሁንም ሳላዘው ወደ ግራ ያዘነብላል፤ በቀኝ በኩል የነበረው ጉድጓድ ከተደፈነ ስንት ዘመኑ።

አባቴ የወሎ ሰው ነው፤ ከእነዚያ ታክሲዎች አንዱን ይነዳ ነበር። እናቴ ጅማ ተወልዳ ያደገች ስትሆን በቤታችን በር ላይ በከፈተቻት ጠባብ ሱቅ ክብሪት፣ ሳሙናና የባትሪ ድንጋይ ትሸጥ ነበር። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት አልመጣልኝም። ሱቁ ውስጥ ተቀምጬ ያገኘሁትን እንግሊዝኛ ሁሉ አነባለሁ፤ የመድኃኒት ወረቀት ይሁን፣ የዱቄት ወተት ጣሳ ይሁን። ሰፈሩም መድኃኒት ሲገዛ አንብቢልን እያለ ወደ እኔ ይመጣል። ስለዚህ የደን መሥሪያ ቤቱ እንግሊዝኛ የሚችል ሰው ፈልጉልኝ ብሎ ቀበሌውን ሲጠይቅ፣ ሰዎቹ በቀጥታ የመጡት ወደ እናቴ ሱቅ ነበር። «ዘይነባ፣ ፈረንጆች መጥተዋል፤ የምታስተረጉሚላቸው አንቺ ነሽ» አሉኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። የመጀመሪያ ሥራዬ ነው።

ፈረንጆቹ ከቡልጋሪያ የመጡ የደን ትምህርት ተማሪዎች ነበሩ። ባሕር ዛፍ እንጦጦን ከመውረሱ በፊት የነበሩት የአገር ዛፎች፣ ጽዱ፣ ወይራው፣ ኮሶው፣ ራሳቸው መልሰው የሚበቅሉበት መንገድ አለ ወይ የሚለውን ሊያጠኑ ነው የመጡት። መሪያቸው ፔንካ የምትባል አጭር ልጅ ነበረች፤ ፀጉሯ እንደ ወንድ የተቆረጠ፣ ሱሪዋ ኪስ በኪስ። እንግሊዝኛ ከሁሉም የተሻለ የምትናገረው እሷ ናት። ስቶያን የሚባለው ደግሞ በጣም ረጅም ነው፤ በር ሲገባ ይጎነበሳል፣ ለምዶበት በር በሌለበትም ይጎነበሳል። ሦስቱ ሌሎች እንግሊዝኛቸው ከሰላምታ ስለማያልፍ ከእኔ ጋር የምንግባባው በፈገግታ ነበር።

የተሰጣቸው ቤት መንግሥት የወረሰው፣ ባለቤቶቹ የሌሉበት ግቢ ሲሆን ከማዞሪያው ወደ ላይ በሚወጣው ኮረኮንች መንገድ ዳር ነበር። መጀመሪያ ሰሞን ያቺን ዳገት መውጣት አቃታቸው። ፔንካ በየሃያ እርምጃው ትቆምና «አየሩን ማን ወሰደው?» ትለኛለች። ውሃ በሁለት ቀን አንዴ እንደሚመጣ ነግሬያቸው ነበር፤ አላመኑኝም መሰለኝ በገቡበት ቀን ሙሉውን በርሜል ልብስ አጠቡበት፤ በማግሥቱ ፊታቸውን የታጠቡት እናቴ በላከችላቸው ጀሪካን ነው። ልጆች ከኋላቸው «ኩባ! ኩባ!» እያሉ ይከተሏቸዋል፤ ያኔ ነጭ ሁሉ ኩባ ነበር። ስቶያን በየጊዜው ቆም ብሎ «ቡልጋሪያ!» እያለ ያርማቸዋል። ይኼን የሰሙ አንድ የሰፈራችን ሽማግሌ ዱላቸውን ተደግፈው ጠጋ አሉና፣ «ልጄ፣ እኔም እኮ የቡልጋ ሰው ነኝ፤ ከቡልጋ ከወዴት በኩል ነህ?» አሉት። አስተረጎምኩለት። ስቶያን ከልቡ አስቦ፣ ከተራራማው በኩል ነኝ በይልኝ አለኝ። ሽማግሌው ደስ አላቸው። ከዚያ በኋላ ሲያዩት ባርኔጣቸውን ያነሱለት ነበር።

በመጀመሪያው እሑድ ምሳ ጋበዙኝ። ሥጋውን የገዙት ከክርስቲያን ሥጋ ቤት ስለነበር ዳቦና ድንች ብቻ በላሁ። ፔንካ ወጡን ያበላሹት መስሏት ፊቷ ተለወጠ፤ ሥጋ ቤቱ ለየብቻ መሆኑን አስረዳኋት።  በሚቀጥለው እሑድ ስደርስ ስቶያን በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ፤ ጠዋት ብቻውን ወጥቶ፣ እየጠየቀ፣ የእስላም ሥጋ ቤት ፈልጎ ገዝቶ መጥቷል። በየትኛው ቋንቋ እንደጠየቀ እስካሁን አልገባኝም።

የአንገታቸውን ነገር የነቃሁበት ደግሞ ዳቦ ቤት ነው። እኛ አዎ ስንል አገጫችንን ወደ ላይ ቀና አድርገን ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሳብ እናደርጋለን፤ ይኼንን ማንም አያስተምረንም። ቡልጋሮች ደግሞ አገጫቸውን ወደ ላይ ቀና የሚያደርጉት አይደለም ለማለት ነው። እሺ ለማለት ራሳቸውን ግራና ቀኝ ይወዘውዛሉ። ስቶያን ዳቦ ሊገዛ ይሄዳል፤ ባለዳቦዋ «ልጨምር?» ትለዋለች፤ እሱ አይ ለማለት ቀና ይላል፤ እሷ ትጨምራለች። በሁለት እጁ ታቅፎ የመጣውን ዳቦ አይተን ስቀን ልንሞት ነበር። ከዚያ በኋላ በረንዳው ላይ ደርድሬ አለማመድኳቸው፤ ወደ ላይ አዎ፣ ወደ ጎን አይደለም። ፔንካ በሁለት ቀን ለመደችው። ስቶያን ግን አእምሮው ያውቀዋል፣ አንገቱ አይታዘዝለትም። ቀስ ብሎ ይለምዳል ብዬ ተውኩት።

ሥራው የሚሠራው ከእንጦጦ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን በታች ባለው የባሕር ዛፍ ጫካ ውስጥ ነበር። ችካል ቸክለው፣ ገመድ ወጥረው ክልል ያበጃሉ፤ ችካሉ ጫፍ ላይ ቀይ ቀለም ይቀባሉ። በክልሉ ውስጥ ማንም ቅጠል አይጠርግም፣ ማንም አይረግጥም፤ ከዚያ የጽድ ቡቃያ ብቅ ይል እንደሆነ ተንበርክከው ያያሉ። ከእነሱ ጋር እንዲውል የተመደበው ጥበቃ ጋሽ ቶላ የሚባል፣ ግራጫ ካፖርቱን በበጋም የማያወልቅ ቁጡ ሰው ነበር። ቁጣው ለእኛ አልነበረም፤ ለቅጠል ጠራጊዎቹ ነው። ያን ጊዜ ጫካው ሴት ነበር የሚሞላው። የረገፈውን የባሕር ዛፍ ቅጠል ጠርገው፣ ከራሳቸው የሚበልጥ ሸክም በገመድ ጀርባቸው ላይ አስረው፣ ጎንበስ እንዳሉ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ድረስ ይወርዳሉ። ሽቅብ ከሩቅ ስታዩአቸው ቅጠሉ ራሱ እግር አውጥቶ የሚሄድ ነበር የሚመስለው። ከእነሱ አንዷ እትዬ ጥሩነሽ ነበረች። እናቴ ቅጠል የምትገዛው ከእሷ ስለነበር ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃታለሁ። ባሏ ሞቶ ሁለት ልጆችና ዓይናቸው የማያይ እናት ይዛ የቀረች፣ ንግግሯ አጭር፣ ሳቋ የማይታወቅ ሴት ነበረች።

ሁለተኛውን ክልል ካበጁ በሦስተኛው ሳምንት ይመስለኛል፣ ለፔንካ ነገ ጠዋት እናቴን ተክቼ የስኳር ወረፋ ስለምይዝ አልመጣም አልኳት። ውሸቴን ነው። ጓደኛዬ ሙኒራ ከአክስቷ ኮት ተውሳ ስለነበር ፒያሳ ፎቶ ቤት ሄደን ተራ በተራ ለብሰነው ልንነሳ ተቀጣጥረናል። ሄድን። ከበስተኋላችን ሐይቅና ዝይ የተሳለበት ሸራ ነበር። ፎቶ አንሺው አገጬን በሁለት ጣቱ ይዞ ወደ መስኮቱ አዞረና «እንዲህ ሁኚ» አለኝ። ከዚያ ኬክ ቤት ገብተን ለሁለት አንድ ኬክ በላን፤ ቸኮሌት ያለበትን ጫፍ ማን ይብላው ብለን ተከራከርን። ደስ የሚል ቀን ነበር። ይኼንን ሳልናገር ባልፍ ውሸት ይሆንብኛል።

ከሰዓት በኋላ ሱቅ ስደርስ እናቴ ሚዛኑን እየወለወለች፣ ቀና ሳትል ጠየቀችኝ።

«የት ነበርሽ?»

«እነፔንካ ጋ።»

«እነፔንካ ጋ ከነበርሽማ ታውቂያለሽ። ጥሩነሽን ወስደው ቀበሌ አስረዋታል።»

«ለምን?»

«የፈረንጆቹን ችካል ነቅላ ነው አሉ። ቶላ ይዟት ረጅሙን ልጅ ይቺ ናት ወይ ቢለው አዎ አለ። በቃ፣ ወሰዳት።»

«በአፉ ነው አዎ ያለው?»

«በአፉማ ምን አማርኛ አለው? በራሱ ነዋ፤ እንዲህ» አለችና እናቴ አገጯን ቀና አደረገች።

 ከሳሙናው ካርቶን ላይ ተቀመጥኩ።

ወደ ግቢያቸው ሮጥኩ። ስቶያን በረንዳው ላይ ጫማውን ይፈታ ነበር። ምን እንደሆነ ጠየቅኩት፤ ረጋ ብሎ ነገረኝ። ጠዋት ሲደርሱ የሁለተኛው ክልል ችካሎች የሉም። ከመድረሳቸው በፊት በጉም ውስጥ አንዲት ሴት ከሩቅ አይቷል፤ ፊቷን ግን አላየም። ጥበቃው አንዲት ሸክም ያዘለች ሴት አምጥቶ «ይቺ ናት?» አለው፤ ይኼን ያህል አማርኛ ያውቃል። አይደለችም አልኩት አለኝ። ከዚያ ሰውየውና ሴትዮዋ አብረው ቁልቁል ሄዱ። ወደ ቤቷ እየሸኛት መስሎት ነበር።

«እንዴት ነው ያልከው?» አልኩት።

አሳየኝ። አሳይቶኝ ሳይጨርስ ራሱ ገባው። አገጩ ወደ ላይ እንደተቀሰረ ቀረ፤ ከዚያ ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። ፔንካ በቋንቋቸው አንድ ነገር ብላ ጮኸችበት። የስኳር ወረፋውን ማንም አልጠየቀኝም።

በዚያው ቀን ቀበሌ ሄድን፤ ሊቀመንበሩ ስብሰባ ናቸው ተባልን። በማግሥቱም ስብሰባ ናቸው። በሦስተኛው ቀን አገኘናቸው። ከቀበሌ ሊቀመንበርነታቸው በፊት ልብስ ሰፊ የነበሩ፣ ሲያናግሩን እንኳ ዓይናቸው የሸሚዛችን ስፌት ላይ የሚያርፍ ሰው ናቸው። ጋሽ ቶላም ተጠርቶ መጣ። አዳራሹ ውስጥ ለሌላ ጉዳይ የመጣ ሰው በአግዳሚው ሞልቷል። እትዬ ጥሩነሽን አምጥተው ግድግዳው ሥር አስቀመጧት፤ ነጠላዋን አጣፍታ መሬት መሬት ታያለች።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ልጁ አይደለችም ነው ያለው። አገራቸው እንዲህ ሲሉ አይደለም ማለት ነው» አልኩ አገጬን ቀና አድርጌ።

«ምን አልሽኝ? አዎ ማለት አይደለም የሆነበት አገር?»

«አዎ።»

ሰው ሳቀ። ጋሽ ቶላ ተነሣና፣ «እኔ በዓይኔ አይቻለሁ። ቀና አለ። ዛሬ ቃላቸውን የለወጡት ሴትዮዋ ስታሳዝናቸው ጊዜ ነው» አለ።

ሊቀመንበሩ ጥቂት አሰቡና እንፈትናቸው አሉ። እኔ ጥያቄውን በእንግሊዝኛ ወረቀት ላይ ጽፌ ልስጥ፣ ሌላ ምንም እንዳልናገር፤ እነሱ በራሳቸው ብቻ ይመልሱ። ጥያቄውን የመረጡት እሳቸው ናቸው፤ ይኼ ጠረጴዛ ብረት ነው? ጠረጴዛው እንጨት ነበር። ሌሎቹን ሦስት ቡልጋሮች ከቤት አስጠሯቸው። የመጀመሪያው ወረቀቱን ሲያይ ፔንካ ከሩቅ በቋንቋቸው ተረጎመችለት፤ ጠረጴዛውን ዳበሰና አገጩን ወደ ላይ ቀና አደረገ። ሰው አጉረመረመ። ሁለተኛዋም እንደዚያው። ሦስተኛውም። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ፤ ሊቀመንበሩም ፈገግ ማለት ጀመሩ። «የቀረችው መሪያቸው ናት፤ እሷም ትመልስ» አሉ።

ፔንካ ወረቀቱን ተቀበለች። ፈርታ ነበር፤ መሳሳት አልፈለገችም። ራሷን ቀስ አድርጋ፣ በጥንቃቄ፣ ግራና ቀኝ ነቀነቀች፤ ልክ እንዳስተማርኳት።

ሳቁ ቀጥ አለ። ጋሽ ቶላ «ይኸው!» ብሎ ጭኑን መታ። ሊቀመንበሩ ወደ እኔ ዞሩ። ከእንግዲህ ፈገግታ የለም።

«ይቺስ? ይቺ ከሌላ አገር ናት?»

«እኔ አስተምሬያት ነው።»

«አንቺ ካስተማርሻት ያንን ረጅሙን ለምን አላስተማርሽውም?»

«አስተምሬው ነበር፤ አልለመደም።»

«እሺ፣ አልለመደም እንበል። የተቀጠርሽው ለዚህ አይደል? ያን ዕለት ጠዋት አጠገቡ ቆመሽ አይደለም ነው የሚለው ብትይ ኖሮ ይኼ ሁሉ አይመጣም። የት ነበርሽ?»

የስኳር ወረፋ ልል አፌን ከፈትኩ። ስኳሩን የሚያድሉት ሰውዬ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ያዩኛል። እሳቸው ባይኖሩ ኖሮ እንኳ መዋሸቴን እንጃ። እትዬ ጥሩነሽ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችኝ።

«ፎቶ ልነሣ ፒያሳ ሄጄ ነበር» አልኩ።

ማንም አልሳቀም፤ ቢሳቅ ይሻለኝ ነበር። ሊቀመንበሩ አዩኝና «ይኼንን በውሸት የሚናገር ሰው የለም» አሉ። ከዚያ ወደ ጋሽ ቶላ ዞረው፣ «ስትነቅል አይተሃታል?» አሉት። አላየም። «ችካሉን ሸክሟ ውስጥ አግኝተሃል?» አላገኘም። ሴትዮዋ ትሂድ አሉ። እኔ ደግሞ በሚቀጥለው የወጣቶች ስብሰባ ተነሥቼ ጥፋቴን እንድናገር፣ ሥራዬን የሚቆጣጠር ሰው እንዲመደብብኝ ወሰኑ። ተነሥቼ ተናገርኩ። ከሁሉ የከበደኝ ግን ይኼ አይደለም። አባቴ ወሬውን የሰማው ታክሲው ውስጥ፣ ጉልበት ለጉልበት ከተቀመጡ ተሳፋሪዎች ነው። ያን ወር ሙሉ ምሳዬ ቀርቦልኛል፣ ጫማዬ ሲቀደድ አሰፍቶልኛል፤ አንድ ቃል ግን አላናገረኝም። ፎቶውን ሄጄ አልወሰድኩትም። ሙኒራ የእኔንም ወስዳው እንደሆነ አልጠየቅኳትም።

በሳምንቱ ፔንካና ስቶያን እትዬ ጥሩነሽን ቤቷ ሄደን ይቅርታ እንጠይቅ አሉ። ቤቷ ከፈረንሳይ በላይ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ የተንጠለጠለች አንድ ክፍል ነበረች። ስቶያን ጎንበስ ብሎ ገብቶ፣ ጎንበስ እንዳለ ተቀመጠ። እትዬ ጥሩነሽ ሻይ ጣደች። እናቷ ከአልጋው ላይ እጃቸውን ዘርግተው የስቶያንን ጉልበት ዳበሱና «ይኼ ሰው መቼ ነው የሚያልቀው?» አሉ። እሱ በእንግሊዝኛ ረጅም ይቅርታ ተናገረ፤ አስተረጎምኩ። ሦስት ቀን ስላሳለፈችበት ክፍል፣ ስለልጆቿ፣ ስለጠፋው ገመዷ። ሰማችው። ከዚያ እሱን ሳይሆን እኔን እያየች፣ ድምጿን ሳትቀንስ ተናገረች።

«ነቅዬዋለሁ።»

«ምን አልሽ፣ እትዬ ጥሩነሽ?»

«ችካሉን። እኔ ነኝ የነቀልኩት። ልጁ ፊቴን አላየም እንጂ ያያት ሴት እኔው ነኝ። እንዲህ አንገቱን ደፍቶ ሲለምነኝ ዝም ብዬ ብቀበለው ደግ አይሆንም። ንገሪው ብትፈልጊ።»

«ለምን ነቀልሽው?»

«በፊት የነበርንበት ሰፈርም መጀመሪያ ችካል ነበር የተተከለው። ቀይ ቀለም የተቀባ። ከዚያ ተነሡ አሉን። ይኼ ደግሞ ለምንድነው ብዬ ቶላን ጠየቅኩት፤ አንቺን ምን አገባሽ አለኝ። ከሁሉም ቦታ ቅጠሉ የሚበዛው እዚያ ነው። አንቺም በየቀኑ በአጠገቤ ታልፊያለሽ፤ ቆመሽ ነግረሽኝ ታውቂያለሽ?»

ነግሬያት አላውቅም። ከነጮቹ ጋር ስወርድ ደህና ዋልሽ እላታለሁ፤ ደህና ትለኛለች። አምስት ሰዎች ከሌላ አገር መጥተው መሬቷ ላይ ተንበርክከው ምን እንደሚፈልጉ ጠይቃኝ ሳይሆን እንድነግራት ጠብቃኝ ነበር። በእንግሊዝኛ ስንት ነገር አስተርጉሜአለሁ፤ በአማርኛ ለእሷ ምንም።

ያኔ ነው ምድጃው አጠገብ ያለውን የእንጨት ክምር ያየሁት። ከፍልጡ መሀል አንድ ችካል፣ ጫፉ ቀይ፣ እንዳለ ተቀምጧል። ቀና ስል የስቶያንም ዓይን እዚያው ላይ ነበር። ምን ያህል ጊዜ እንዳየው አላውቅም። ዓይኑን ቀስ አድርጎ አንሥቶ ወደ ሻዩ ብርጭቆ መለሰው።

«ምን አለች?» አለችኝ ፔንካ፤ እሷ በበሩ በኩል ስለተቀመጠች ክምሩ አይታያትም።

«ከብት ሳይሆን አይቀርም የነቀለው፣ ነው የምትለው» አልኩ። «መተላለፊያ ነው አለች። ወደ ላይ ብትወስዱት ይሻላል።»

ፔንካ ወደ ስቶያን ዞረች። እሱ በቡልጋርኛ መለሰላት፤ ራሱን ግራና ቀኝ ወዘወዘ። እሺ ማለቱ ነው። ሻያችንን ጠጣን።

ክልሉን ወደ ላይ፣ ቅጠሉ ወደሚሳሳበት ዐለታማ ቦታ ወሰዱት። ገመዱ ከመወጠሩ በፊት እኔ ዞሬ ለቅጠል ጠራጊዎቹ ለአንዳንዳቸው ቆሜ ነገርኳቸው፤ ጽድ ይበቅል እንደሆነ ለማየት ነው፣ የሚነሣ ሰው የለም። አንዳንዶቹ አመኑኝ። አንዷ «ጽድ ለማየት ከዚያ ድረስ?» ብላ ሳቀችብኝ። ከዚያ በኋላ ማንም አልነካውም። ቡልጋሮቹ ከመሄዳቸው በፊት ስቶያን እጄን ይዞ ዳገቱን አወጣኝና ተንበርከኪ አለኝ፤ ከጣት የማይበልጡ፣ እንደ መርፌ የሾሉ አረንጓዴ ነገሮች ከድንጋዩ ሥር ወጥተው ነበር። ስንት እንደነበሩ እሱ ነው የጻፈው። ከጥቂት ዓመት በፊት ልጆቼ የእንጦጦን መናፈሻ እንይ ብለው ወደ ላይ ይዘውኝ ወጥተው ነበር፤ ቦታውን ፈለግኩት፤ መንገዱ ሁሉ ተለዋውጦ አላገኘሁትም። ጽድ ግን እዚህም እዚያም አለ። የትኛው የየትኛው እንደሆነ ማን ያውቃል። ጋሽ ቶላም፣ ሊቀመንበሩም፣ እትዬ ጥሩነሽም ካረፉ ቆይተዋል።

ቡልጋሮቹ ከሄዱ ሦስት ዓመት ያህል ቆይቶ በፖስታ አንድ ቀጭን ጥራዝ መጣልኝ፤ በእንግሊዝኛ የተጻፈ የሥራቸው ዘገባ ነው። ፔንካ መጀመሪያው ገጽ ላይ ሰላምታ ጽፋበታለች። የመስክ ሥራውን ክፍል የጻፈው ግን ስቶያን ነው፤ ስሙ ከላይ አለ። ሱቁ ደጃፍ ላይ ተቀምጬ እያገላበጥኩ ሳለ እትዬ ጥሩነሽ ሸክሟን ከግድግዳችን አስደግፋ፣ ገመዱን ከትከሻዋ አውርዳ አረፈች።

«ምንድነው?»

«የእነስቶያን ነው። ስለ ጫካው የጻፉት።»

«እኔ አለሁበት?»

ፈልጌ አገኘሁላትና ጣቴን ከመስመሩ ሥር አድርጌ ወደ አማርኛ መለስኩላት፤ ሁለተኛው ክልል ችካሎቹን ከብት ስለነቀላቸው ወደ ሌላ ቦታ ተዛውሯል ይላል። እዚያ ጫካ ውስጥ ከብት ገብቶ እንደማያውቅ ሁለታችንም እናውቃለን።

እትዬ ጥሩነሽ መስመሩን ለረጅም ጊዜ አየችው፤ ማንበብ አትችልም።

«ከብት» አለች። «ላም አደረጋችሁኝ?»

«እኔ ነኝ እንደዚያ ያልኩት፤ እሱ ጻፈው።»

እናቴ ከውስጥ ሳቋን ስትለቀው ሰማሁ። እትዬ ጥሩነሽ ግን አልሳቀችም። ወገቧን ዝቅ አድርጋ ሸክሙን ጀርባዋ ላይ አስተካከለች፣ ገመዱን ወደ ትከሻዋ መለሰች፣ እጇን ዘርግታ ደግፊኝ አለችኝ። ደገፍኳት፤ ተነሣች።

«ይሁን» አለች። «ላምም ብሆን ያው መታሰሬ አልቀረልኝም።»